እናት ፅንሱን ለምን እንደ ባዕድ አታጠቃውም?

አንዲት ሴት ኩላሊቷ ከሥራ ውጪ ሆኖ ባሏ የራሱን ሊሰጣት ተስማማ እንበል። ፈቃዱ ብቻውን አይበቃም። የደም ዓይነታቸው ይታያል፣ የቲሹ ምርመራ ይደረጋል። ቀዶ ሕክምናው በደንብ ቢያልቅ እንኳ፣ ኩላሊቱ አብሯት እስካለ ድረስ የመከላከል አቅሟን የሚያዳክም መድኃኒት በየቀኑ ትውጣለች። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላም ከዚህ ግዴታ ነፃ አይደለም። መድኃኒቱን ካቋረጠች ነጭ የደም ሴሎቿ «ይሄ የኛ አይደለም» ብለው ይነሱበታል።

ያቺው ሴት ከዚያው ባል ብታረግዝስ? የዘር ውርሱ ግማሽ ከአባቱ የመጣ ልጅ ዘጠኝ ወር ማህፀኗ ውስጥ ይኖራል። ከደሟ ይመገባል። የሚወሰድ መድኃኒት የለም፤ ፅንሱንም የሚነካው የለም።

ይህን እንቆቅልሽ ጥርት አድርጎ ያስቀመጠው ብሪታንያዊው ሳይንቲስት ፒተር ሜዳዋር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1953። ሦስት ግምቶችም አቀረበ። ምናልባት የእናትና የልጅ አካል ጨርሶ አይገናኝ ይሆናል። ምናልባት ፅንሱ ገና ስላልበሰለ ባዕድነቱ አይታወቅ ይሆናል። ወይም ደግሞ የእናትየው የመከላከል አቅም በእርግዝና ጊዜ ይተኛ ይሆናል።

ሦስቱም እንደተገመቱት ሆነው አልተገኙም። ሦስተኛው ግን እስከ ዛሬ ከሰው አፍ አልጠፋም። «እርጉዝ ስለሆንሽ የመከላከል አቅምሽ ወርዷል» የማትባል ነፍሰ ጡር ያለች አይመስለኝም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው ቢባል ይሻላል። የእናትየው የመከላከያ ሴሎች ገና ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማህፀን ውስጥ ሥራ ላይ ናቸው። ሥራቸው ደግሞ የእንግዴ ልጁ በትክክል እንዲተከል ማገዝ ነው።

የእንግዴ ልጅ የማን ነው? የእናት ወይስ የልጅ?

የልጁ ነው። ፅንሱ ከተገኘበት ከዚያው እንቁላል ነው የሚያድገው። ስለዚህ እሱም ግማሹ የአባት ነው።

ልጁ ከተወለደ በኋላ አዋላጇ የእንግዴ ልጁን ዘርግታ ትመረምረዋለች። ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ስፋቱ ወደ 20 ሴንቲሜትር ይደርሳል። በልጁ በኩል ያለው ገጽ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ከእትብቱ የተነሱ የደም ሥሮች በላዩ ላይ ተበትነው ይታያሉ። ገልበጥ ስታደርገው ማህፀን ላይ ተጣብቆ የነበረው ገጽ ይመጣል። ይሄኛው ጥቁር ቀይ፣ ሻካራና ከ15 እስከ 20 በሚሆኑ ክፍልፋዮች የተከፋፈለ ነው። አዋላጇ ክፍልፋዮቹ አንድ ላይ መግጠማቸውን ታያለች፤ ተቆርጦ የቀረ ቁራጭ ካለ እናትየው ልትደማ ትችላለችና።

በየክፍልፋዩ ውስጥ በጣም ቀጫጭን ቅርንጫፎች አሉ። ሁሉም ተዘርግተው ቢለኩ ከ10 ካሬ ሜትር በላይ ይሸፍናሉ። የእናትየው ደም በእነዚህ ቅርንጫፎች ዙሪያ ይፈስሳል፤ የልጁ ደም ደግሞ በውስጣቸው ባሉት የደም ሥሮች ይዘዋወራል። ሁለቱ ደሞች ጎን ለጎን ያልፋሉ እንጂ አይቀላቀሉም። ኦክስጅን፣ ምግብና የመሳሰሉት ግን በመሀል ይሻገራሉ።

ቅርንጫፎቹን የሚሸፍነው ንብርብር የሚገርም ነው። ሴሎቹ እርስ በርስ ተዋሕደው አንድ ወጥ ሽፋን ሆነዋል። በሴልና በሴል መካከል የሚሾለክበት ክፍተት የለም። ከዚህም በላይ ኤችኤልኤ የሚባሉት ፕሮቲኖች አይገኙበትም። እነዚህ በአብዛኞቹ ሴሎቻችን ገጽ ላይ ያሉና ሴሉ የማን እንደሆነ የሚያሳውቁ ናቸው። የተተከለ ኩላሊት የሚታወቀውና የሚጠቃው በዋናነት በእነሱ ነው። በዚህ ሽፋን ላይ ግን ስለሌሉ በአጠገቡ የሚያልፉት የእናትየው ነጭ የደም ሴሎች የሚያነቡት ነገር አያገኙም።

ታዲያ የእናትና የልጅ ሴሎች ጨርሶ አይገናኙም?

ይገናኛሉ፤ ያውም ፊት ለፊት። ከእንግዴ ልጁ ተነጥለው ወደ እናትየው ማህፀን ዘልቀው የሚገቡ ሴሎች አሉ። ትሮፎብላስት ይባላሉ። እነዚህኞቹ ኤችኤልኤ ይዘዋል፤ ግን የተለመዱትን ሁሉ አይደለም። ኤችኤልኤ-ሲ፣ ኤችኤልኤ-ኢ እና ኤችኤልኤ-ጂ የሚባሉትን ብቻ መርጠው ያወጣሉ። ኤችኤልኤ-ጂ በሌላው ሰውነታችን እምብዛም የማይታይ ዓይነት ነው።

ማህፀን ውስጥ የሚጠብቃቸው ደግሞ ስሙን ሲሰሙት የሚያስደነግጥ ሴል ነው፤ ተፈጥሯዊ ገዳይ ሴል። በደማችን ውስጥ ያለው ዓይነት በቫይረስ የተያዙ ሴሎችንና የካንሰር ሴሎችን ስለሚገድል ነው ይህ ስም የወጣለት። በእርግዝና የመጀመሪያ ሦስት ወራት በማህፀን ሽፋን ውስጥ ከሚገኙት ነጭ የደም ሴሎች እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት የዚህ ቤተሰብ ናቸው። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው ፅንሱ አለቀለት ሊል ይችላል። የማህፀኑ ዓይነት ግን ከደሙ የተለየ ነው፤ በመግደል በኩል ሰነፍ ነው። ለነገሩ ፅንስ ሲመጣ ብቻ አይደለም የሚታየው፤ በየወሩ የወር አበባ ከመምጣቱ በፊትም ቁጥሩ ይጨምራል።

ዋና ሥራው የደም ሥር ነው። ወደ ማህፀን ሽፋን የሚመጡት የእናትየው ደም ወሳጅ ሥሮች ጠባብና ጠምዘዝ ያሉ ናቸው፤ ግድግዳቸውም እንደ ሁኔታው የሚጠብብና የሚሰፋ ጡንቻ አለው። ገዳይ ሴሎቹና ትሮፎብላስቶቹ ተጋግዘው ይህን ጡንቻ ያስወግዱታል። ሥሩ ይሰፋል፤ ከዚያ በኋላ መጥበብ አይችልም። አትክልት የምናጠጣበትን የውሃ ጎማ አስቡት። አፉን በጣት ስንይዘው ውሃው እየተስፈነጠረ አፈሩን ይቆፍራል። ስንለቀው ብዙ ውሃ በእርጋታ ይወርዳል። የእንግዴ ልጁ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። ደሙ እየተስፈነጠረ ከመጣ ስስ ቅርንጫፎቹን ይጎዳል።

የእናትየው ወገን ሌላም ኃላፊነት አለበት፤ ትሮፎብላስቱ ከልክ እንዳያልፍ መገደብ። ይህ ግልጥልጥ ብሎ የሚታየው ቀድሞ በቀዶ ሕክምና በወለዱ ሴቶች ላይ ነው። በጠባሳው ቦታ የማህፀን ሽፋኑ ይሳሳል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። የእንግዴ ልጁ እዚያ ላይ ካረፈ የሚገድበው ስለሌለ ወደ ማህፀኑ ጡንቻ ዘልቆ ሊጣበቅ ይችላል። ከወሊድ በኋላ አልላቀቅ ብሎ ብዙ ደም የሚያስፈስሰው ይኼ ነው። ቀዶ ሕክምናው በተደጋገመ ቁጥር አደጋውም ይጨምራል።

በምን ይነጋገራሉ?

ሳይቶካይን በሚባሉ ትናንሽ ፕሮቲኖች። አንዱ ሴል ያመነጫቸዋል፤ ሌላው በገጹ ላይ ባለው ተቀባይ ይይዛቸውና ባሕሪውን ይለውጣል። ለምሳሌ ኢንተርሉኪን-15 የሚባለው ከማህፀን ሽፋን ይወጣና የገዳይ ሴሎቹን እድገት ያግዛል። ኢንተርሉኪን-10 እና ቲጂኤፍ-ቤታ ቁጣን፣ ማለትም ሰውነት ለጉዳት ወይም ለጀርም የሚያሳየውን መቆጣት፣ ያበርዳሉ፤ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች የሚባሉትም ሌሎች ሴሎች ጥቃት እንዳይጀምሩ የሚይዟቸው በከፊል በእነሱ ነው። ቲኤንኤፍ ደግሞ ቁስለትንና ቁጣን ያነሳሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንዱን «ጥሩ»፣ ሌላውን «መጥፎ» ብሎ ሲከፍል ነው። ወሳኙ ጊዜው ነው። ፅንሱ ማህፀን ላይ ሲጣበቅ ሽፋኑን ይቀድዳል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቁስል የሚጠገንበት፣ ቁጣ ያለበት ጊዜ ናቸው። ከዚያ ፅንሱ የሚያድግበት ረጅሙ የመረጋጋት ጊዜ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ቁጣው ይመለሳል። ነጭ የደም ሴሎች ወደ ማህፀን በር ይጎርፋሉ፣ እንደ ኢንተርሉኪን-1 እና ኢንተርሉኪን-8 ያሉ መልእክተኞች ይበዛሉ፣ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ምጥን የሚያግዝ ንጥረ ነገር ይመረታል፣ በሩ ይለሰልሳል፣ ምጥ ይጀምራል። ይኸው የመጨረሻው ቁጣ በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ወር ቢመጣ ግን ውጤቱ ያለጊዜው መውለድ ነው። ያልታከመ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ወደ ማህፀን የወጣ ባክቴሪያ የሚያደርገው ይህንን ነው። በክትትል ጊዜ ሽንት የሚመረመረው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

የእንግዴ ልጁም ዝም ብሎ መልእክት ተቀባይ አይደለም። ሽፋኑ ኢንተርፌሮን ላምዳ የሚባል ፀረ ቫይረስ መልእክተኛ ያለማቋረጥ ያመነጫል፤ ቫይረስ እስኪመጣ አይጠብቅም። ተመራማሪዎች ይህን በተለይ ያስተዋሉት እ.ኤ.አ. በ2016 የዚካ ወረርሽኝ ደቡብ አሜሪካን ባመሰበት ወቅት ነበር።

ንግግሩ ሲበላሽ ምን ይፈጠራል?

ዋናው ምሳሌ ፕሪኤክላምፕሲያ ነው፤ ብዙዎች የእርግዝና ደም ግፊት የሚሉት። ከ20 ሳምንት በኋላ ግፊቱ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ኩላሊት፣ ጉበት ወይም አንጎል ሊነካ ይችላል። ሲብስ እናትየውን ያንቀጠቅጣታል። በዓለም ከ2 እስከ 8 በመቶ በሚሆኑ እርግዝናዎች ላይ ይታያል። በኢትዮጵያም ከደም መፍሰስ ጋር ለእናቶች ሞት ዋና ዋና ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ ነው።

ምልክቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው፤ ጥፋቱ ግን፣ በተለይ ቀደም ብሎ በሚጀምረው ዓይነት፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይጀምራል። ከላይ ያልነው የደም ሥር ማስፋት በቅጡ አይከናወንም። የእንግዴ ልጁ ደም ይጎድለዋል፣ ይጨነቃል። ሲጨነቅ ኤስፍልት-1 የሚባል ፕሮቲን በብዛት ወደ እናትየው ደም ይለቃል። ይህ ፕሮቲን የእናትየውን የደም ሥሮች ጤናማ የሚያደርጉትን የእድገት መልእክተኞች እየያዘ ከሥራ ውጪ ያደርጋቸዋል። የደም ሥሮቿ ይጠብባሉ፣ ግፊቱ ይወጣል፣ ኩላሊቷ ፕሮቲን ማፍሰስ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪዎች ይህን ፕሮቲን ለጤነኛ እርጉዝ አይጦች ሲሰጧቸው የደም ግፊትና የሽንት ፕሮቲን ታየባቸው።

ለምን አንዷን ይዞ ሌላዋን ይተዋል? እዚህ ላይ በጣም የሚስበኝ ምርምር የተሠራው እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ዩጋንዳ ካምፓላ ውስጥ ነው። ገዳይ ሴሎቹ ኪር የሚባሉ ተቀባዮች አሏቸው፤ በእነሱም የትሮፎብላስቱን ኤችኤልኤ-ሲ ያነባሉ። ተቀባዮቹ ከሰው ሰው ይለያያሉ። አንዳንዶቹ ሴሉን «ረጋ በል»፣ ሌሎቹ «ሥራ» ይሉታል። እናትየው በብዛት «ረጋ በል» የሚሉትን ይዛ፣ ፅንሱ ደግሞ ሲ2 የሚባለውን የኤችኤልኤ-ሲ ዓይነት ከአባቱ ከወረሰ፣ ሴሎቹ ከልክ በላይ ይረጋሉ። የደም ሥሩ ሳይሰፋ ይቀራል፣ ፕሪኤክላምፕሲያ የመምጣት ዕድሉ ይጨምራል። ይህ መጀመሪያ በአውሮፓውያን ላይ ታይቶ ነበር። ካምፓላ ላይ አደገኛው ጥምረት ያው ሆኖ ተገኘ፤ እናቶቹን የሚጠብቋቸው ጂኖች ግን ከአውሮፓውያኑ የተለዩ ነበሩ። የአፍሪካን እናት ሳያጠኑ ስለ አፍሪካ እናት መናገር እንደማይቻል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ልብ በሉ፤ ችግሩ የመጣው የእናትየው ሴሎች ስለተቆጡ አይደለም። ከሚገባው በታች ስለሠሩ ነው። በተቃራኒው ጥምረት ደግሞ ልጁ ገዝፎ ሊወለድ ይችላል፤ ያም በምጥ ጊዜ የራሱ ጣጣ አለው።

ለአደጋው የተጋለጡ ሴቶች፣ ለምሳሌ በቀደመ እርግዝና ያጋጠማቸው፣ መንታ ያረገዙ ወይም ነባር የደም ግፊት ያለባቸው፣ ከ20 ሳምንት በፊት አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን በሐኪም ትእዛዝ ሲጀምሩ አደጋው ይቀንሳል። አንዴ ከተከሰተ በኋላ ግን ማግኒዚየም ሰልፌት መንቀጥቀጡን ይከላከላል እንጂ በሽታውን አይነቅለውም። የሚነቅለው መውለድ ነው።

ወባ ለምን ነፍሰ ጡርን ይመርጣል?

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መዝግባለች። ስለዚህ ይህን ማለፍ አይቻልም። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ተውሳክ የያዘው ቀይ የደም ሴል በገጹ ላይ የሚያጣብቅ ፕሮቲን ያወጣል። ከፕሮቲኖቹ አንዱ የእንግዴ ልጁን ሽፋን ብቻ የሚመጥን ነው። ተውሳኩ እዚያ ይከማቻል። የእናትየው ነጭ የደም ሴሎች ሊያጠፉት ሲሰበሰቡ ቲኤንኤፍና ሌሎች የቁጣ መልእክተኞች ይበዛሉ። ጉዳቱ የሚመጣው ከተውሳኩም ከዘመቻውም ነው፤ ልጁ ከሲታ ሆኖ ወይም ያለጊዜው ይወለዳል።

ወባ ዓመቱን ሙሉ በሚበዛባቸው የአፍሪካ አገሮች ይበልጥ የምትጎዳው የመጀመሪያዋን ያረገዘች ናት፤ ለዚያ ልዩ ፕሮቲን የሚሆን አንቲቦዲ፣ ማለትም ባዕድን ነገር ለይቶ የሚይዝ የመከላከያ ፕሮቲን፣ ገና የላትም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሰውነቷ ለምዶታል። ወባ በወቅት እየመጣ በሚሄድባቸው አብዛኞቹ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ግን እናቶች ይህን መከላከያ የማካበት ዕድል የላቸውም። ስለዚህ አራተኛ ልጇን የያዘችውም አጎበር ያስፈልጋታል፤ ትኩሳት ከያዛትም ነገ ሳይባል ትመርመር።

አንቲቦዲው ጠባቂ ነው ወይስ አጥቂ?

እንደየሁኔታው ሁለቱንም ነው። የእንግዴ ልጁ አይጂጂ የሚባለውን የእናት አንቲቦዲ በልዩ ተቀባይ እየያዘ ወደ ልጁ ያሻግራል። ሥራው ከ13ኛው ሳምንት አካባቢ ይጀምርና በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ይፋጠናል። ቀኑን ጠብቆ የተወለደ ልጅ ከእናቱ የበለጠ መጠን ይዞ ሊወጣ ይችላል። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ በኢንፌክሽን ቶሎ የሚጠቃበት አንዱ ምክንያትም ይህን ስንቅ ሳይሞላ መምጣቱ ነው። ነፍሰ ጡር የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የምትወጋው ለራሷ ብቻ አይደለም፤ እትብቱ የሚቆረጠው ልጅም በእሷ አንቲቦዲ ይጠበቃል።

ያው መንገድ ግን ሾተላይንም ያሻግራል። የእናትየው ቀይ የደም ሴሎች አርኤች የሚባለው ፕሮቲን የሌላቸው (አርኤች ኔጌቲቭ)፣ የልጁ ደግሞ ያላቸው (ፖዘቲቭ) ሲሆኑ፣ በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እሷ ሊገባ ይችላል። ሰውነቷ አንቲቦዲ ይሠራል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ ተከታዩን ግን አንቲቦዲው ተሻግሮ ቀይ የደም ሴሎቹን ያፈርሳል። ስንት ቤት «ልጅ አይበረክትላትም» ተብሎ በእርኩስ መንፈስ ሲሳበብ ኖሯል። ከ1968 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አንቲ-ዲ መርፌ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በብዙ ቦታም በ28ኛው ሳምንት ጭምር ይሰጣል። የሚሠራው ሰውነቷ አንቲቦዲውን ከማምረቱ በፊት ነው፤ ከዘገየ ዋጋ የለውም። ፅንስ ሲጨናገፍም ያስፈልግ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል፤ ይሄ ቶሎ ይረሳል።

«ገዳይ ሴልሽ በዝቷል» ቢሉኝስ?

ፅንስ በተደጋጋሚ ለጨነገፈባቸው ሴቶች አንዳንድ የውጭ የመካንነት ክሊኒኮች ከክንድ ደም ወስደው ገዳይ ሴል ይቆጥራሉ፤ ከዚያ ስቴሮይድ ወይም በደም ሥር የሚሰጥ ውድ መድኃኒት ያዝዛሉ። ብር ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር አስታውሱ። የደሙና የማህፀኑ ሴል አንድ አይደሉም። በክንድ ደም የተቆጠረው ቁጥር ማህፀን ውስጥ የሚሆነውን አይነግርም። የብሪታንያ የመካንነት ሕክምና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እነዚህ ሕክምናዎች እንደሚሠሩ የሚያሳይ አሳማኝ ማስረጃ የለም ነው የሚለው። ቀደም ሲልም የባልን ነጭ የደም ሴል ሚስት ላይ መውጋት ፋሽን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ጥናት የተወጉት ካልተወጉት የተሻለ ውጤት አላገኙም፤ አሜሪካም በ2002 ከተፈቀደ ምርምር ውጪ እንዳይሰጥ አገደችው።

ታዲያ አቅሟ ይወርዳል ወይስ አይወርድም?

ይለወጣል ማለት ይሻላል። ክትባት ስትወስድ ጥሩ አንቲቦዲ ታመርታለች፤ ይህ አቅሙ የወረደ ሰው ምልክት አይደለም። ኢንፍሉዌንዛና ወባ ግን ይከብዱባታል። ለኢንፍሉዌንዛው ሳንባዋና ልቧ የተሸከሙት ጫናም ድርሻ አለው። የመገጣጠሚያ ሪህ ያለባቸው ብዙ ሴቶች ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ይሻላቸዋል፤ አሜሪካዊው ሐኪም ፊሊፕ ሄንች ይህን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ሲወልዱ ሕመሙ ይመለሳል።

ከወሊድ በኋላ ሁሉም ነገር ወዲያው ወደ ቦታው አይመለስም። የልጁ ሴሎች በእናትየው ደም ውስጥ ይቆያሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት ወንድ ልጅ ከወለደች 27 ዓመት ባለፋት ሴት ደም ውስጥ የወንድ ሴል ተገኝቷል። ፕሪኤክላምፕሲያም የእንግዴ ልጁ ስለወጣ በዚያው ቅጽበት ያበቃል ማለት አይደለም። ከወሊድ በኋላ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ሊነሳ ይችላል፤ በእርግዝናዋ ጊዜ ግፊት ያልነበረባትንም ሴት ሊይዝ ይችላል። አራስ ቤት ያለች ሴት ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ከጎድን አጥንት ሥር ሕመም ካለባት «የአራስ ድካም ነው» ተብላ አትተኛ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳ ግፊቷን ትለካ።